የድንጋዩ ፊት ለምን ይላጣል? ከአንዲት የእንግሊዝ መንደር ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

በእንግሊዝ አገር ኮትስዎልድስ በሚባለው አካባቢ፣ ጥቂት ቤቶች ብቻ ባሉባት መንደር የሚኖሩ አንባቢ ጽፈውልኛል። በበጎ ፈቃድ የሚንከባከቡት የ13ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ሰሜናዊ ግድግዳ እስከ ወገብ ይረጥባል፤ በውስጥ በኩል ልስኑ እያበጠ ይረግፋል፤ በውጭ ደግሞ የኖራ ድንጋዩ ፊት እየተላጠ በድንጋዮቹ መሃል የተሞላው መጋጠሚያ ብቻ ወጣ ብሎ ቀርቷል። እርጥበት የሚከላከል ኬሚካል ግድግዳው ውስጥ ይወጋ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

ኬሚካሉን ይተዉት፤ ውስጡ በስብርባሪ ድንጋይ በተሞላ ወፍራም ግድግዳ እኩል አይሰራጭም። ድንጋዩ ተበልቶ መጋጠሚያው መቅረቱን እንዳነበብኩ ጥርጣሬዬ በሙሉ ከዚህ ቀደም በሲሚንቶ በተሠራው ጥገና ላይ አርፏል።

ጆሴፍ አስፕዲን ፖርትላንድ ሲሚንቶን በፓተንት ያስመዘገበው በ1824 ሲሆን፣ የእርስዎ ግድግዳ ግን ከዚያ ብዙ መቶ ዓመታት ቀድሞ በኖራና በአሸዋ የተገነባ ነው። የኖራው ድብልቅ ከድንጋዩ የለሰለሰና እርጥበት የሚያሳልፍ በመሆኑ፣ ዝናብ ያስገባው ውሃ በመጋጠሚያው በኩል ተንኖ ይወጣል፤ እያረጀ የሚበላውም፣ በየዘመኑ የሚታደሰውም መጋጠሚያው ነው። ሲሚንቶ ሲሞላበት ይህ መውጫ ይዘጋል። ውሃው በሲሚንቶው ዳር በሚፈጠረው ቀጭን ስንጥቅ ይገባና መመለሻ ሲያጣ በድንጋዩ ፊት ለመውጣት ይገደዳል፤ ያመጣው ጨው ከፊቱ ሥር ይጠራቀማል፤ በብርዱ ወራትም ውሃው ወደ በረዶ ሲለወጥ አብጦ ቅርፊቱን ይገፋዋል። በለስላሳ ድንጋይ መሃል ጠንካራ መጋጠሚያ የሞላው ግንበኛ ይህን ማወቅ ነበረበት።

አስቀድመው ዝናብ እየጣለ ወጥተው አሸንዳውን ይመልከቱ። በላኩልኝ ፎቶ የሚታየው በብረቱ ምትክ የተተከለ ርካሽ ፕላስቲክ ነው፤ ሙቀትና ብርድ ሲፈራረቁበት ይላቀቅና ውሃውን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ያፈሳል። በብረት ይተካ። በመቃብር ብዛት ከፍ ያለው የግቢው አፈር ግድግዳውን ከተደገፈ ግን አካፋ አያንሱ፤ አጽም ሊኖር ስለሚችል ቁፋሮው የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ይፈልጋል። ለመጋጠሚያው ሥራም ፋካልቲ የሚባለው የሀገረ ስብከቱ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ፣ በየአምስት ዓመቱ ሕንፃውን የሚመረምረውን አርክቴክት አስቀድመው ይጠይቁ።

ኖራ ዓይን ያሳውራልና መከላከያ መነጽር ሳያደርጉ ከረጢቱን እንኳ አይክፈቱ። ሲሚንቶውን በቀጭን መሮና በመዶሻ ያውጡ፤ ግራይንደር የድንጋዩን ጠርዝ ስለሚበላ አያስጠጉት። ድንጋዩን ይዞ የሚመጣውን ሲሚንቶ ለጊዜው ይተዉት። ጥልቀቱ የመጋጠሚያውን ስፋት ሁለት እጥፍ ሲሆን፣ አቧራውን ጠርገው ውሃ ይርጩና ኤን ኤች ኤል 2 የተባለውን፣ በውሃ የሚጠነክር የተፈጥሮ ኖራ አንድ እጅ፣ ሻካራ አሸዋ ሁለት እጅ ተኩል አድርገው ጠቅጥቀው ይሙሉት። ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አይሥሩ፤ የሞሉትንም በእርጥብ ጆንያ ይሸፍኑት። ስትረጩም ሆነ ስትሞሉ መነጽሩ ከዓይናችሁ አይውረድ፤ ረዳትዎም ያድርግ፤ ንጹሕ ውሃም በአጠገባችሁ ይኑር።

የውስጡን ልስን ለመመለስ አይቸኩሉ። በሙያችን ለእያንዳንዱ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት አንድ ወር ያህል የማድረቂያ ጊዜ እንገምታለን፤ 60 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ግድግዳ ሁለት ዓመት ገደማ ማለት ነው፤ እስከዚያው የፕላስቲክ ቀለም አይቀቡት።