ትልቋ ዓሣዬ፤ ለወጣት አጥማጆች የተጻፈ

በቅርቡ አንድ ወጣት «እስከ ዛሬ ካጠመዷቸው የባሕር ትራውቶች ትልቁ ስንት ኪሎ መዘነ?» ሲል ጠየቀኝ። የባሕር ትራውት ወንዝ ውስጥ ተወልዳ ባሕር ውስጥ የምታድግ፣ እንቁላል ለመጣል ደግሞ ወደ ወንዝ የምትመለስ ዓሣ ናት። ስድስት ብዬ መለስሁለት፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ያጠመድኋት በዌልስ፣ በታዊ ወንዝ፣ የዓሣ ተመራማሪ ሆኜ ሥራ በጀመርሁ ሰሞን ነው። የአገሩ ሰዎች ሲውን የሚሏት ይህች ዓሣ ቀን ቀን በጥልቁ ውኃ አድፍጣ ስለምትውል፣ አጥማጁ የዳሩ ሣር አረንጓዴነቱ እስኪጠፋ ድረስ ወደ ውኃው ሳይገባ መጠበቅ አለበት። እኔም ጠበቅሁ። እኩለ ሌሊት ግድም ክሩ ሲከብደኝ ግንድ የያዘው መስሎኝ ነበር፤ ወዲያው ግን ዘላ ስትወድቅ ድምፁን በጨለማው ውስጥ ሰማሁ። አፏ ስስ በመሆኑ በኃይል ከጎተቷት ይቀደዳልና፣ ስትሮጥ ክር እየለቀቅሁ፣ ስትደክም እየሰበሰብሁ ቆይቼ በመረብ አወጣኋት። መንጠቆው የያዛት በከንፈሯ ጫፍ ብቻ ስለነበር፣ በሁለት ጣት ነቅዬ ልለቃት እችል ነበር። ነገር ግን ጠዋት ለባልደረቦቼ ላሳያት ስለጓጓሁ በዱላ መትቼ ገደልኋት።

በማግስቱ ቅርፊቷን በማይክሮስኮፕ አየሁ። የዓሣ ቅርፊት እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት ያወጣል፤ እንቁላል ለመጣል ወደ ወንዝ በወጣችበት ጊዜ ደግሞ ጠርዙ ስለሚበላ ምልክት ይቀራል። አምስት ምልክት ቆጠርሁ። አምስት ጊዜ ወልዳ ወደ ባሕር ወርዳለች፤ በስድስተኛው መንገዷ ላይ የጠበቅኋት እኔ ነኝ። ሴቷ በተለቀች መጠን እንቁላሏም እንደሚበዛ ደግሞ በፈተና ጽፌ ያለፍሁበት ጉዳይ ነበር!

ከዓመታት በኋላ በአርጀንቲና፣ በቲዬራ ዴል ፉዌጎ፣ ነፋሱ ሰው በሚጥልበት በሪዮ ግራንዴ ወንዝ አጥምጄአለሁ። እዚያ ትራውት የአገሩ ተወላጅ አይደለም፤ ጆን ጉዶል የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1935 ካስገባቸው ዓሦች ከፊሎቹ ወደ ባሕር ወርደው እየገዘፉ ተመለሱ፤ ዛሬ ከ10 ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ይያዙበታል። ስለ ዘንግና ስለ ክር ምርጫ የሚነግራችሁ ሞልቷልና እኔ አልደክምም። የዛሬ ልጆች ዓሣን መልቀቅ ከእኛ ይልቅ ታውቃላችሁ፤ ፎቶ እስክትነሡ ድረስ ግን አየር ላይ አንጠልጥላችሁ ታቆዩአታላችሁ፤ ይህ ያናድደኛል። ለማሳየት ብዬ የገደልሁ ሰው ይህን መናገር እንደማያምርብኝ አውቃለሁ፤ ደግሞም እስከ ዛሬ በዓመት አንዲት ትንሽ ትራውት ጠብሼ እበላለሁ።

ዕድሜዋን ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ እጃችሁን አርጥባችሁ፣ እሷን ከውኃው ሳታርቁ፣ ከጀርባ ክንፏ በታች ሁለት ሦስት ቅርፊት ማንሣት ይበቃል። ያን ሌሊትም ይበቃ ነበር።