በሁዳዴ ለሕፃን ወተት መስጠት ቤቱን ያስገድፋል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይድረስዎ። የ3 ዓመት ወንድና የ13 ዓመት ሴት ልጅ አለኝ። የምንኖረው ከባለቤቴ እናት ጋር በአንድ ግቢ ነው። ሁዳዴ ገብቶ ለትንሹ ወተት ሳፈላ «ዕቃውን አነካካሽው፣ ሽታው ራሱ ያስገድፋል፣ እኛ ልጅ ስናሳድግ እንዲህ አላደረግንም» ይሉኛል። አምና ጾሙን ሙሉ ሻይና ዳቦ እያበላሁት ከረምኩ። ትልቋን ደግሞ ክብደቷ ከዕድሜዋ በጣም አንሷል ብሎ ሐኪም ወተትና እንቁላል አዘዘላት፤ እሷ ግን «ጾሜን አልገድፍም» ብላ አሻፈረኝ አለች። ማንን ልስማ?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ የሁለቱ ልጆችሽ ነገር ለየብቻ ነው። ከትንሹ ልነሣ።

የ3 ዓመት ልጅ ጾም የለበትም። ልጅ 7 ዓመት ሲሞላው ጾም እንዲለማመድ የሚደረግ መሆኑን አማትሽም አያጡትም። የሚያስጨንቃቸው ድስቱ ነው። በየደብሩ የምሰማውም ይኸው ነው፦ እናት ልጇ መጾም እንደሌለበት ታውቃለች፣ ወተቱም በቤት አለ፣ ግን ማንኪያው ከጾሙ ማንኪያ ይነካካል፣ እጄ ይሸታል፣ ጎረቤት ምን ይለኛል ብላ ትተወዋለች። ሥርዓቱ ነጻ ያወጣው ሕፃን በዕቃ ምክንያት 55 ቀን ይጾማል። ቤተ ክርስቲያን ያላዘዘችውን ጾም ድስት አዘዘው ማለት ነው።

ወተት ርኩስ አይደለም። ርኩስ ቢሆን ኖሮ ፋሲካ ሲገባ ባልፈታንበት ነበር። የምንተወው መልካምም የሚያምርም ስለሆነ ነው፤ የጠሉትን መተው ምን ዋጋ አለው? ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 የጾምን ነገር ሲናገር፣ የፍትወት ኃይል እንዲደክምና ሥጋ ለነባቢት ነፍስ እንድትታዘዝ ነው ይላል። እስቲ በ3 ዓመት ልጅ ላይ ምኑን ልታደክሚ ነው? አጥንቱ ገና እየጠና፣ አእምሮው ገና እየተሠራ ነው።

ደግሞስ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ሲጠመቁ በዚያው ዕለት ሥጋ ወደሙ ይቀበሉ የለምን? ያ ሕፃን በሕይወቱ ከወተት በቀር የቀመሰው የለም። 40ው ቀን ሁዳዴ መካከል ቢውል ካህኑ «ይህ ጡት ጠቢ ነው፣ ጾሙ ሲፈታ ይምጣ» አይልም። የጡትና የላም ይለያያል ትይኝ ይሆናል፤ ለልጁ ግን ሁለቱም ምግቡ ናቸው። ወተት ጠጥቶ ያደረውን ሕፃን ከቅዱስ ቁርባን ያልከለከለች ቤተ ክርስቲያን፣ ኩባያ ላይ የቀረ ወተት የአማትሽን ሽሮ ያረክሳል ብላ አታስተምርም።

እዚህ ላይ ኢዩኤልን የሚጠቅሱልኝ አሉ፤ «ጾምን ቀድሱ» ካለ በኋላ «ሕፃናቱንና ጡት የሚጠቡትን አከማቹ» ይላልና (ኢዩ. 2፥15-16)። አዎ፣ ይላል። ግን ልብ ብለሽ አንብቢው፤ ወደ ጉባኤው አምጧቸው አለ እንጂ ከጡት ለዩአቸው አላለም። ስማቸውን ሲጠራ እንኳ «ጡት የሚጠቡ» እያለ ነው። ሌሎች ደግሞ ገድል ያነሡብኛል፤ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ የእናታቸውን ጡት አልጠቡም ይሉኛል። እውነት ነው፣ ገድላቸው እንዲህ ይላል። እሳቸውን ያኖራቸው ጸጋ ነው፤ ጸጋን አይተን እናደንቃለን፣ ለጎረቤት ልጅ ሕግ አድርገን አናወጣውም። በእሳቸው ልክ እንኑር ካልንማ ከአዋቂዎቹ እንጀምር፤ ማን ይቻለዋል?

ኢሳይያስስ ስለ አማኑኤል ምን አለ? «ክፉን ለመጥላት መልካሙንም ለመምረጥ ሲያውቅ ቅቤና ማር ይበላል» (ኢሳ. 7፥15)። አምላክ ሰው ሆኖ በሕፃንነቱ ያልናቀውን ምግብ እኛ ለሕፃን ነውር አናድርገው።

በ2011 ዓ.ም. በተደረገው ሀገር አቀፍ ጥናት በኢትዮጵያ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ ሆነው ተገኝተዋል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ድህነቱ፣ በሽታው፣ የውኃው ንጽሕና። ነገር ግን ወተት በቤት እያለ ልጅን በሻይ ማሳደር በጾም የሚመካኝ አይደለም። ያለፈው አልፏል፣ አውቀሽ አላጠፋሽምና አትጨነቂ። ከእንግዲህ ግን አይደገም።

ዕቃ መለየቱን ግን አልነቅፍም፤ ደግ ልማድ ነው፣ የእናቶቻችን ጥንቃቄ ነው። አንዲት ትንሽ ድስት፣ አንድ ኩባያና አንድ ማንኪያ ለልጁ ለይለት፣ ብቻቸውን ይታጠቡ፣ ብቻቸውን ይቀመጡ። ለአማትሽም አትመልሺላቸው፤ «እማማ፣ ዕቃውን ለይቻለሁ፣ እርስዎ ይባርኩልኝ» በያቸው። እሳቸውም ቢሆኑ የልጅ ልጃቸውን ጠልተው አይደለም። ደግሞ ለልጁ ተብሎ የገባው እርጎ ማታ ማታ የሚጎድል ከሆነ፣ ጥፋቱ የልጁ አይደለም። አንዳንድ አባት በልጁ ስም ይፈስካል፤ ይህንን እያወቃችሁ ነው የምነግራችሁ።

ወደ ልጅሽ ልምጣ። 13 ዓመቷ ነው፣ ጾምን ታውቃለች፣ ትወዳለችም፤ ይህን ፍቅሯን በስድብ አታጥፊባት። በዚህ ዕድሜ ያሉ ብዙዎች ቤት ጾመው ውለው ካፌ የፍስክ ማኪያቶ በሚያዙበት ዘመን ስለ ጾሟ የምትሟገት ልጅ በረከት ናት። ነገር ግን ያዘዘው ሐኪም ነው፣ ጾምም በሕመም ጊዜ የሚላላ ሥርዓት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ውኃ ብቻ ይጠጣ ለነበረው ለጢሞቴዎስ «ስለ ሆድህና ስለ በሽታህ ብዛት ጥቂት የወይን ጠጅ ጠጣ» ብሎ ጽፎለታል (1ኛ ጢሞ. 5፥23)። ጢሞቴዎስ ጳጳስ ነው! መምህሩ ሲያዝዘው ትሕትናው መታዘዙ ነበር። የራስን ፈቃድ መተውም ከጾም ይቆጠራል፤ ለአንዳንዱ እንዲያውም ወተት ከመተው ይከብዳል።

አንድ ነገር ግን በእናትነት ዓይን ተመልከቺልኝ። ጾሙ ሲፈታ እንዴት ትበላለች? በፋሲካ ማግስት ከዶሮ ወጡ፣ ከአይቡ በደስታ የምትቀምስ ከሆነ ጾሟ ጾም ነው። ያን ጊዜም ምክንያት እየፈጠረች ከገበታ የምትሸሽ፣ መስታወት ፊት ወገቧን የምትለካ ከሆነ ግን በጾም ስም የተሸሸገ ሌላ ነገር አለ። ያንን በቁጣ አትነኪው፤ ሐኪሙ ይወቀው፣ የንስሐ አባቷም ይወቁት።

የሐኪሙን ወረቀት ይዛችሁ አብራችሁ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ፤ እሷው ራሷ ትናገር፣ አንቺ አትናገሪላት። ወተቱን ፈቅደው በምትኩ ዳዊት እንድትደግም፣ ስልኳን በሰዓት እንድትገድብ ወይም ከኪስ ገንዘቧ እንድትመጸውት ሊያዟት ይችላሉ። አካሏ ሲበረታ ወደ ጾሟ ትመለሳለች። ያኔ ታዲያ ድንች ጥብስና ዳቦ በሻይ አይሁን ገበታዋ፤ ምስሩ፣ ሽምብራው፣ ጎመኑ፣ ሰሊጡና ሱፉ ይቅረብላት። ትንሹንም በፍልሰታ አቁርቢው፤ እስከዚያ ወተቱን ይጠጣ።