ደም የቀላቀለ ኩስ ለሚጥሉ የሥጋ ጫጩቶች አንቲባዮቲክ ልስጥ ወይ ላልከው
ወንድሜ፣ በ3 ሳምንታቸው ደም የቀላቀለ ኩስ ካየህ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኮክሲዲዮሲስ፣ ማለትም ተውሳክ የሚያመጣው የአንጀት በሽታ ነው። አንቲባዮቲክ በግምት አትጀምር፣ የአንጀታቸውን ጠቃሚ ባክቴሪያም ይገድላል። ዛሬውኑ ለእንስሳት ሐኪም አሳይ፤ ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው አምፕሮሊየም የተባለ የተውሳኩ መድኃኒት ነው።

መድኃኒቱ ግን ብቻውን አይበቃም። የጅማን ዝናብ ታውቀዋለህ፣ ሰጋቱራው ቶሎ ይረጥባል፣ ተውሳኩ ደግሞ እርጥበትና ሙቀት ካገኘ በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ሌላውን ጫጩት ለመያዝ ይደርሳል። እስኪ ሰጋቱራውን ጨብጠህ ልቀቀው፤ ተጣብቆ ከቀረ በጣም ረጥቧል ማለት ነው። በተለይ መጠጫው ሥር ያለውን አውጥተህ በደረቅ ቀይር፣ መጠጫውንም በጀርባቸው ቁመት ልክ አንሳው። ሻጋታ የነካው መኖ በፍጹም አይቅረባቸው፣ አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ በሽታ የመከላከል አቅማቸውን ያዳክማል። ይህንኑ አቅም የሚያዳክመው የቫይረስ በሽታ፣ የጉምቦሮ ክትባትስ ወስደዋል?