ሌባ ከፕሪየስ ሥር የሚቆርጠው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። እንጀራዬ የ2007 ፕሪየስ ናት። ሌሊት ካታሊቲክ ኮንቨርተሯን፣ ጭስ ማውጫው ላይ ሆኖ መርዛማውን ጭስ የሚያጸዳውን ዕቃ፣ ቆርጠው ወሰዱት። ጋራዡ ሁለት ዋጋ ነገረኝ፤ ኦሪጅናሉ የርካሹን አምስት እጥፍ ነው። ርካሹን ባስገጥም ምን አለበት? ሌባውስ ለምን ፕሪየስ ላይ በረታ?

መልስ፦ ሌባው የፈለገው ቆርቆሮውን ሳይሆን ውስጡ ያለውን ጥቂት ግራም ውድ ብረት ነው። ቆርቆሮው ውስጥ የማር እንጀራ የመሰለ ሴራሚክ አለ። ቀዳዳዎቹ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ሲሆኑ ግድግዳቸው ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ተቀብቷል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ካርቦን ሞኖክሳይድንና ሳይነድ የቀረ ቤንዚንን ያቃጥላሉ፤ ሮዲየም የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ይበትናል። ሥራ የሚጀምሩት ግን ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲግሉ ነው። ፕሪየስ በኤሌክትሪክም ስለምትሄድ የቤንዚን ሞተሯ መንገድ ላይ እየጠፋ እየተነሳ ይሄዳል፤ በዚህም ጭስ ማውጫው ቶሎ ይበርዳል፤ ስለዚህ ፋብሪካው ብረቱን በርከት አድርጎ ቀብቶታል።

ሌብነቱን ያባባሰው የሮዲየም ዋጋ ነው። በ2021 አንድ አውንስ (31.1 ግራም) ከ29,000 ዶላር አልፎ ነበር፤ በ2023 ከ5,000 በታች ወረደ። ሮዲየም ለብቻው አይቆፈርም፤ ከፕላቲነም ጋር ተያይዞ ይወጣል፣ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነውም የደቡብ አፍሪካ ነው። ፈላጊው ሲበዛ ምርቱን ቶሎ መጨመር አይቻልም።

ርካሹ የረከሰውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የተቀነሰው ብረቱ ነው። ከውጭ ሲያዩት ልዩነት የለውም። ብዙ ጊዜ ግን በወራት ውስጥ የሞተር መብራት ይበራል፣ የመካኒኩ ስካነርም ፒ 0420 (P0420)፣ ማለትም ኮንቨርተሩ በሚገባ አያጸዳም የሚለውን ኮድ፣ ያነባል። እኛ የምንመክረው የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ (CARB፣ የመኪና ጭስን የሚቆጣጠረው የግዛቱ መሥሪያ ቤት) ያጸደቀውን ነው። የማጽደቂያው ቁጥር ቆርቆሮው ላይ ተቀርጿል፤ ኮፈኑ ሥር ባለው ተለጣፊ ላይ የተጻፈው የሞተርዎ ቤተሰብ ቁጥር (engine family፣ የሞተሩ ዓይነት መለያ) በዚያ ማጽደቂያ ውስጥ መኖሩን ሳያረጋግጡ አይክፈሉ።

ከሁሉ በፊት ግን ኢንሹራንስዎን ይዩ። ኮምፕረሄንሲቭ (ከግጭት ውጭ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፍለው) ካለዎት ስርቆቱን ይሸፍናል፤ ላያቢሊቲ (በሌላ ሰው ላይ ላደረሱት ጉዳት የሚከፍለው) ብቻ ከሆነ አይሸፍንም። አዲሱ ሲገጠም የኦክስጅን ሴንሰሩ (የጭሱን ኦክስጅን የሚለካው) ሽቦ አብሮ አለመቆረጡን ያስፈትሹ፣ ከሥሩም የብረት መከላከያ ያሳስሩ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ። መኪናዬ ጉልበት አጣች። መካኒኩ «ካታሊስቱ (ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ) ተደፍኗል፣ ውስጡን እንቦርቡረው» አለኝ። ልስማማ?

መልስ፦ ሳይለካ አይስማሙ። ከካታሊስቱ በፊት ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ይፈታና በቀዳዳው የግፊት መለኪያ ይገባል። ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ዙር ሲዞር ግፊቱ ከ3 ፒኤስአይ (psi፣ የግፊት መለኪያ አሃድ) ካለፈ ተደፍኗል ማለት ነው። ቀዝቅዞ በላስቲክ መዶሻ መታ ሲደረግ ውስጡ ከተንኮሻኮሸም ሴራሚኩ ተሰብሯል።

በአብዛኛው የሚያበላሸው ያልሠራ ካንዴላ ነው፤ ያልነደደው ቤንዚን ካታሊስቱ ውስጥ ገብቶ ይነድና ሴራሚኩን ያቀልጠዋል። መጀመሪያ ካንዴላውና ኮይሉ (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) ይስተካከሉ፤ አለዚያ አዲሱም በዚያው ይሄዳል። ማስቦርቦሩ መርዛማውን ጭስ እንዳለ ወደ መንገዱ ይለቀዋል። የግድ ከወጣም አሮጌውን ጋራዥ ትተው አይሂዱ፤ ፕላቲነሙ ያለው እሱ ውስጥ ነው።