የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «ገባችሁ?» ሲባሉ ሁሉም «አዎ!» ይላሉ

ጥያቄ፦ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ተማሪ ነኝ። ለማስተማር ልምምድ የ5ኛ ክፍል ሒሳብ ደርሶኛል፤ ክፍሉ 64 ተማሪዎች አሉት። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን መደመር አስተማርኩ። «ገባችሁ?» ስላቸው በአንድ ድምፅ «አዎ!» አሉኝ። ደብተራቸውን ሳይ ግን አብዛኞቹ 1/2 + 1/3 = 2/5 ብለው ጽፈዋል። ካቀድኩት ግማሹን እንኳ ሳላደርስ ተደወለ። ምን ላድርግ? (ከደሴ)

መልስ፦ እህታችን፣ ልጆቹ «አዎ» ያሉሽ ሊያታልሉሽ አይደለም። መምህርን ማክበር ነው ብለው ነው። ደግሞስ በ63 ጓደኞቹ ፊት «እኔ አልገባኝም» ብሎ የሚነሳ የ5ኛ ክፍል ልጅ ስንት ይገኛል? ስለዚህ ያንን ጥያቄ ተዪው። አንድ ስሌት ሰሌዳው ላይ ጽፈሽ «እጅ አታውጡ፤ ሁላችሁም ደብተራችሁ ላይ ሥሩ» በያቸውና 2 ደቂቃ ስጪያቸው። ከዚያ ከኋላ ወንበር ጀምረሽ በመተላለፊያው እየሄድሽ ከኋላ 4፣ ከመሐል 3፣ ከፊት 3 ደብተር ተመልከቺ። ከፊት ከጀመርሽ የምታገኚው ብዙ ጊዜ የጎበዞቹን መልስ ነው፤ ክፍሉ ሁሉ የገባው ይመስልሻል።

2/5 ያሉበት ምክንያት ግልጽ ነው። ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደምረዋል፤ ክፍልፋዩን እንደ ሁለት የተለያዩ ሙሉ ቁጥሮች አይተውታል። ኤክስ ማድረግ ብቻውን ይህን አይነቅለውም። መጀመሪያ «ግማሽ እንጀራ ላይ ሲሶ ብንጨምርበት ከግማሽ ያንሳል ወይስ ይበልጣል?» ብለሽ ጠይቂ። 2/5 ከግማሽ ያንሳል፤ መልሱ ልክ ሊሆን እንደማይችል ራሳቸው ይደርሱበታል።

ቀጥለሽ ከአሮጌ ካርቶን 12 ሳንቲሜትር ርዝመት ያላቸው ቁራጮች አዘጋጂ። በአንድ ዴስክ ሦስት ልጆች ከተቀመጡ 22 ይበቁሻል። ግማሹን (6 ሳንቲሜትር) ያስምሩ፤ ከዚያ ቀጥለው ሲሶውን (4 ሳንቲሜትር) ያስምሩ። ከ12ቱ 10 ተያዘ፤ 10/12 ማለት ደግሞ 5/6 ነው። ቁራጩን 10 ሳንቲሜትር እንዳታደርጊው፤ ለ3 እኩል አይከፈልም፣ ልጆቹም በነጥብ ቁጥር ይጠፋሉ። 3/6 + 2/6 የሚለውን አጻጻፍ የምታስተምሪው ከዚህ በኋላ ነው። ደንቡ ከቀደመ ቁራጩ ጌጥ ይሆናል።

ስለ ሰዓቱ፦ 40 ደቂቃ ካለሽ ስም መጥሪያና ማረጋጊያ 4፣ ያለፈውን መከለሻ 5፣ አዲሱ ትምህርት 11፣ የልጆቹ ሥራ 13፣ ማረጋገጫ 7 አድርጊው። ሰዓቱን የሚበላው ብዙ ጊዜ ማስታወሻ ማስገልበጥ ስለሆነ ከ5 መስመር አታሳልፊው። የዕለት ዕቅድሽንም መልሰሽ እዪው። «የተማሪ ተግባር» በሚለው ዓምድ ሥር «ያዳምጣሉ» ብቻ ተጽፎ ከሆነ ያቀድሽው የራስሽን ንግግር ነው። ዓላማው ላይም «ይረዳሉ» አትበዪ፤ «ታህታቸው 2 እና 3 የሆኑ ክፍልፋዮችን ይደምራሉ» በዪ። መድረሱን በዓይንሽ ማየት የምትችዪው እንዲህ ሲሆን ነው።

ሰሌዳውን ለሦስት ክፈዪው፤ በግራ ቀንና ርዕስ፣ በመሐል እስከ መጨረሻ የማይጠፋ አንድ ምሳሌ፣ በቀኝ የሚጠፋ ሥራ። ተማሪ ሳይገባ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ጽሑፍሽ መነበቡን አረጋግጪ። ደሴ ላይ በበልግ ወራት ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጉሮሮሽን አትሰንጥቂ፤ ለዚያ ጊዜ የሚሆኑ 4 ጥያቄዎች በትልቅ ወረቀት ጽፈሽ ያዢ፣ ስትለጥፊው ጸጥ ብለው ይሠራሉ።

ስማቸውንም በቶሎ ያዢ። የክፍል አለቃው የአቀማመጥ ካርታ ይሥራልሽ፤ «አንተ ሹራብ የለበስከው» ከመባልና በስም ከመጠራት የቱ ልጁን እንደሚያነቃው ታዪዋለሽ።

ጥያቄ፦ ለማስተማር ልምምድ ስገባ ተባባሪ መምህሩ (የክፍሉ መደበኛ መምህር) ኋላ ተቀምጠው፣ እያስተማርኩ እያለሁ በተማሪዎች ፊት ያርሙኛል። አንደበቴ ይተሳሰራል። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ከክፍል በፊት ዕቅድህን ይዘህ ሂድና «መምህር፣ ዛሬ የሚያዩትን በወረቀት ጽፈው ቢሰጡኝ» በላቸው። ምን እንዲያዩልህ እንደምትፈልግም ለይተህ ንገራቸው፤ ለምሳሌ ጥያቄ የምትጠይቀው የቱን ረድፍ እንደሆነ፣ ሴቶችን ስንቴ ወንዶችን ስንቴ እንደጠራህ። አብዛኛው መምህር እንዲህ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። ሰሌዳው ላይ የጻፍከው መልስ ስህተት ከሆነ ግን ወዲያው ይንገሩህ፤ «አመሰግናለሁ መምህር» ብለህ አጥፋና አስተካክል፣ ቀድሞ የገለበጠ ካለም ደብተሩን እንዲያርም አድርግ።