የታኅሣሥ ብርድና የሚነጣ ቆዳ

ውድ እህቴ፣ «ከኅዳር ወዲህ በየማታው በሙቅ ውሃ ታጥቤ ሎሽን ብቀባም ክንዴና እግሬ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፣ ሌሊትም ያሳክከኛል፤ መታጠቡን ልቀንስ ወይ?» ብለው ለጠየቁት፣ ሱሉልታ 9 ዓመት የኖርኩ ሰው እንደመሆኔ ከራሴ የተማርኩትን እነግርዎታለሁ።

የክረምቱ ብርድ እርጥብ በመሆኑ ቆዳዬን ብዙም አይጎዳውም ነበር። ከኅዳር እስከ ጥር ግን ሰማዩ ጠርቶ ሌሊት ውርጭ ሲወርድ፣ አየሩ ደረቅ ስለሚሆን የቆዳን እርጥበት ይመጥጠዋል። እኔም ብርዱን ላሸንፍ ብዬ በሚያቃጥል ውሃ ግማሽ ሰዓት ያህል እታጠብ ነበር፤ ያውም በልብስ ሳሙና! ትኩስ ውሃና ሳሙና ሲተባበሩ ቆዳው ራሱ የሚያመነጨውን ቅባት ጠርገው እንደሚወስዱት የገባኝ ቅልጥሜ ተሰነጣጥቆ መድማት ሲጀምር ነው።

ስለዚህ መታጠቡን ሳይሆን አስተጣጠቡን ቢለውጡ ይሻላል። ለብ ባለ ውሃ ከ10 ደቂቃ ሳያልፉ ይታጠቡ፤ ሳሙናውም ለብብት፣ ለብሽሽትና ለእግር ይበቃል፣ ሌላውን ገላ ውሃው ብቻ ያጸዳዋል። የመታጠቢያ ክፍሉን ለማሞቅ ብለው ግን የከሰል ምድጃ ይዘው አይግቡ፤ ጭሱ ባይታይም ሽታ የሌለው የከሰል መርዝ በተዘጋ ቤት ውስጥ ይገድላል።

ለእኔ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ቅባቱን የምቀባበት ሰዓት ነው። ቀድሞ ገላዬን አድርቄ፣ ልብሴን ለብሼ፣ ቡናዬን ጠጥቼ ነበር ሎሽን የማነሳው። አሁን ግን በፎጣ ሳልፈትግ ጫን ጫን አድርጌ፣ ቆዳዬ ገና እርጥብ ሳለ እዚያው ቫዝሊን እቀባለሁ። ቫዝሊን ያለውን እርጥበት አፍኖ ያቆያል እንጂ ከራሱ እርጥበት አይሰጥም፤ በደረቀ ቆዳ ላይ ብዙ የማይሠራውም ለዚህ ነው። ሎሽን በአብዛኛው ውሃ ስለሆነ ለእኛ ሰፈር ብርድ ስስ ነው። ለተሰነጠቀ ተረከዝ ደግሞ ማታ ቫዝሊን ወፈር አድርገው ቀብተው የጥጥ ካልሲ ቢያደርጉበት በሳምንት ውስጥ ይለሰልሳል። ቅቤም ይሠራል ይባላል፣ እኔ ግን ሽታውን ይዤ ታክሲ መግባት አልቻልኩም።

ሌሊት ያሳክከኛል ስላሉት አንድ ነገር ይመልከቱ፤ ማሳከኩ በጣቶችዎ መካከልና በእጅ አንጓዎ ላይ ከበረታ፣ አብረዎት የሚተኛ ሰውም የሚያክ ከሆነ፣ እከክ ሊሆን ስለሚችል ቫዝሊን አያድነውምና ጤና ጣቢያ ሄደው ይታዩ።