ታይሚንግ ቺንጋ ቀይረህ ምልክቱ አንድ ጥርስ ሲስት

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ጥያቄህን ለሌሎቹም ላስታውስ። ኮምቦልቻ ነህ። 5ኤል የሚባለው ናፍጣ ሞተር ያላት ቶዮታ ሃይሉክስ አለችህ። ታይሚንግ ቺንጋውን፣ ማለትም ቫልቮቹንና ናፍጣ ፖምፓውን ከሞተሩ ዙር ጋር የሚያስማማውን ባለጥርስ ቀበቶ፣ ከመወጠሪያው ከቴንሽነሩ ጋር ግቢህ ውስጥ ራስህ ቀየርክ። ምልክቶቹን ገጥመህ፣ ሞተሩን በእጅ ሁለት ዙር ስታዞረው ናፍጣ ፖምፓው ጋ ያለው ምልክት አንድ ጥርስ ፈቀቅ አለብህ። አንድ ባለሙያ ደግሞ «ሲነሳ ራሱ ይስተካከላል፣ ዝጋው» አለህ። አንተ ልብህ አላመነም።

ልብህ ልክ ነው። እንዳትዘጋው፣ እንዳታስነሳውም። ቺንጋው ጥርስ የተሠራለት እኮ እንዳይንሸራተት ነው፤ ሲነሳ ከየት አምጥቶ ነው የሚስተካከለው? ግን አብሽር፣ በእጅ እያዞርክ ስለሆነ እስካሁን የተበላሸ ነገር የለም።

ከመፍታትህ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሳተ ያልከው የትኛው ምልክት ነው? አዲስ ቺንጋ ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ ነጭ መስመሮች ይኖሩታል። እነሱ የሚያገለግሉት መጀመሪያ ስትገጥም ብቻ ነው። ሁለት ዙር ካዞርክ በኋላ መስመሮቹ ሌላ ቦታ ነው የምታገኛቸው፤ የቺንጋውና የፑሌጃዎቹ (ቺንጋው የሚለብስባቸው ባለጥርስ መዘውሮች) ጥርስ ብዛት ስለማይመጣጠን ተመልሰው አይገጥሙም። በዚህ ደንግጦ በትክክል የገጠመውን መልሶ የሚፈታ ብዙ ሰው አይቻለሁ። ማየት ያለብህ ፑሌጃው ላይ የተቀረጸውን ምልክትና ሞተሩ ላይ ያለውን ምልክት ነው። እነዚህ ሁለቱ ትይዩ ከሆኑ ነጩን መስመር እርሳው፣ ጨርሰሃል።

አንድ ዙር ብቻ አዙረህም እንዳትፈርድ። ክራንኩ (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ሁለት ዙር ሲዞር ካሙ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) እና ፖምፓው አንድ ዙር ነው የሚዞሩት። በአንድ ዙር ክራንኩ ቦታው ላይ ይሆናል፣ ሌሎቹ ግን ተቃራኒው ጋ ናቸው።

የፑሌጃው ምልክት ራሱ ከሳተ ግን መፍታት ነው፤ ሌላ መድኃኒት የለውም። ምክንያቱን ላስረዳህ። ፖምፓው ውስጥ ጠንካራ ስፕሪንግ አለ። ምልክቱ ላይ ስታደርሰው ዝም ብሎ አይቆምልህም፤ ለቀቅ ስታደርገው ፈንጠር ይላል። ቺንጋውን ስታለብስ እሱ ትንሽ ሸሽቶ፣ ቴንሽነር በሌለበት በኩል ላላ ያለ ቦታ ቀርቷል። ሞተሩን ስታዞር ክራንኩ ያንን ልል ሲስበው ስህተቱ ወጣ። ለዚህ ነው ቆሞ ሲታይ የገጠመ የሚመስለው።

ስለዚህ እንደገና ስትገጥም ቺንጋውን ከክራንኩ ጀምር። ቴንሽነር በሌለበት በኩል ሁሌም የተወጠረ ይሁን፤ የፖምፓውን ፑሌጃ በመፍቻ ይዘህ ምልክቱ ላይ አቁመው፣ የሚያግዝህ ሰው ካለም እሱ ይያዝልህ። የተረፈው ልል ሁሉ ወደ ቴንሽነሩ ይሂድ። ከዚያ የቴንሽነሩን ቡሎን ላላ አድርገህ ስፕሪንጉ ራሱ ይወጥረው። ሁለት ዙር አዙር፣ ምልክቱን እይ፣ ከዚያ ቡሎኑን አጥብቀው። በካቻቢቴ እየፈለቀቁ የሚወጥሩ አሉ፤ እባክህ አንተ እንዳታደርገው። ከመጠን በላይ የተወጠረ ቺንጋ ያፏጫል፣ ኩሽኔታውንም ይበላዋል።

ስታዞር በክራንኩ ቡሎን፣ ከፊት ሆነህ ስታየው በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ብቻ ይሁን። ወደ ኋላ ካዞርከው ቡሎኑ ይላላል፣ ልሉም በተሳሳተው በኩል ይመጣል። ምልክቱን ካለፍከው አትመልሰው፤ ሌላ ሁለት ዙር ሂድ።

ናፍጣ ሞተር በእጅ መዞሩ ከባድ ነው፣ ኮምፕሬሽኑ ይታገልሃል። እኔ ሁልጊዜ አራቱንም ካንዴሌታ (ሞተሩ ሲነሳ የሚያሞቁትን መሰኪያዎች) አወጣለሁ። ዙሪያውን በደንብ ካጸዳህ በኋላ ነው ታዲያ፤ ቀዳዳው ውስጥ ጠጠር ከገባ ሌላ ጣጣ ነው። ካንዴሌታው ከወጣ ሞተሩ በአንድ እጅ ይዞራል። ትልቁ ጥቅሙ ግን ድካም መቀነሱ አይደለም። ኮምፕሬሽን ሲታገልህ ለስለስ ብሎ ነው፣ ትንሽ ከጠበቅከው ይለቃል። ቫልቭ ፒስቶን ሲነካ ደግሞ ድርቅ ብሎ ይቆማል። ኮምፕሬሽኑን ካስወጣኸው ይህ መቆም ብቻውን ይሰማሃል። እንደዚያ ካቆመህ በጉልበት እንዳትሄድበት። ናፍጣ ሞተር ላይ በቫልቭና በፒስቶን መሀል ያለው ክፍተት በጣም ጠባብ ነው። በሞተሪኖ ያስነሳኸው እንደሆነ ግን የሚነግርህ የለም፤ ቫልቭ ታጥፎ ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ማውረድ ነው።

ፖምፓው ብቻውን አንድ ጥርስ ቢስት ቫልቭ አያጥፍም፤ ባለሙያው ያቀለለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ግን ናፍጣው ቀድሞ ከተረጨ ሞተሩ ክፉኛ ያንኳኳል፣ ዘግይቶ ከተረጨ ደግሞ ነጭ ጭስ እያወጣ ጉልበት ያጣል። ያን ይዘህ የደሴን ዳገት እስቲ ሞክረው።

አሁን ፊቱ ክፍት ስለሆነ የክራንኩንና የካሙን ፓራኦሊዮ (የዘይት ማገጃ ጎማ) እይ። ዘይት ያላበው ካለ ዛሬውኑ ቀይር። ዘይት የነካው ቺንጋ ዕድሜ የለውም። ደሴ ወጥተህ መለዋወጫ ስትገዛ አሮጌውን ቺንጋ ይዘህ ሂድ፣ ጥርሱንም ቁጥሩንም ጎን ለጎን አስተያይ። ካርቶኑን አትመን።

ሌላው የመዝጋት ሥራ ነው፣ በፈታህበት ተቃራኒ ቅደም ተከተል። የሽፋኑን ጎማ ጓርኒሲዮን ግን እንዳትጥለው። «ምን ያደርጋል» ብለው የሚተዉት ብዙ ናቸው። ወረዳ ለወረዳ በኮረኮንች የምትሮጥ መኪና ላይ ግን አቧራውና ጠጠሩ የሚገባው በዚያ ነው። የክራንክ ፑሌጃውን ቡሎን በቶርክ ሬንች፣ ማንዋሉ ባለው ልክ እሰር። ሬንች ከሌለህ ከጋራዥ ተዋስ፤ እዚህ ቦታ ላይ የክንድ ግምት አይሠራም። ላልቶ የቀረ ፑሌጃ ከክራንኩ ጋር የሚያያይዘውን ትንሽ ብረት (ቁልፉን) በልቶ ክራንኩን ራሱን ያበላሻል።

ራዲያተሩን አውርደህ ከሆነ ውሃውን ቀስ ብለህ ሙላ፣ የካቢን ማሞቂያውን ክፍት አድርገህ። የናፍጣ መስመር ከከፈትክ ደግሞ ፊልትሮው ላይ ባለችው የእጅ ፓምፕ አየሩን አስወጣ።

ስታስነሳ ነዳጅ አትርገጥ። የዘይት መብራቱ ወዲያው መጥፋት አለበት። ጆሮህን ከፊት በኩል ጣል፤ ያልነበረ ማንኳኳት ከሰማህ ቆይ እስቲ ልየው አትበል፣ አጥፋ። ደህና ከሆነ ሳትጭን ወደ ደሴ ውጣና የሙቀት መርፌውን እያየህ ተመለስ።

ኪሎ ሜትሩን በወረቀት ጽፈህ ሽፋኑ ላይ ለጥፍ። ብዙዎቹ ቺንጋ ያላቸው የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየርላቸው ነው የሚባለው፤ አንዳንዶቹም ሲደርስ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ያበራሉ። ያንተ መብራት ካላት አሁኑኑ ወደ ዜሮ መልሳት። ያገለገለ መኪና ከገዛህ ግን መብራቱን አትመን። ቺንጋውን ሳይቀይሩ መብራቱን ብቻ ያጠፉት ሊሆን ይችላል።